ረጅሙ መስታወት ያልፈታው ችግር፦ ለረጅም ጉዞ ሞተር ሳይክል የነፋስ መከላከያ ስለ መምረጥ

ከሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ ተነሥቼ በ66 ቁጥር አውራ ጎዳና ወደ ሸናንዶዋ ተራሮች ስጓዝ፣ ከመጀመሪያው አንድ ሰዓት በኋላ የሚሰማኝ ድካም የርቀቱ ድካም አልነበረም። ነፋሱ ራሴን ከነሄልሜቱ እንደሚናጥ ቅል ወዲያና ወዲህ ያላጋው ስለነበር የመንገድ ምልክቶች ፊደላት ይደበላለቁብኝ፣ ማምሻውንም አንገቴ ይደርቅ ነበር። ቤት ገብቼ ሞተሩን ካጠፋሁ በኋላ እንኳ ጩኸቱ ከጆሮዬ ቶሎ አይወጣም። ይህን ለማስወገድ በሁለት ዓመት ውስጥ ከፋብሪካው መስታወት ሌላ ሦስት የነፋስ መከላከያዎችን ሞክሬአለሁ፤ አንዱን መለስኩ፣ አንዱን ተውሼ ለባለቤቱ አስረከብኩ፣ አንዱ ሞተሩ ላይ ቀረ። መስታወት የሚሸጠው በሞተሩ ስምና ሞዴል ነው፤ ነፋሱን የሚቀበለው ግን የነጂው ቁመት ነው። ገንዘቤን ያባከንኩት ይህን ልዩነት ሳልገነዘብ በመግዛቴ ነበር።

ሞተሬ ጃፓን ሠራሽ፣ ባለ ሁለት ሲሊንደርና በ650 ሲሲ ገደማ የሆነ፣ ነጂውን ቀጥ አድርጎ የሚያስቀምጥ የረጅም ጉዞ ሞተር ሳይክል ነው። የሠሪውን ስም ያልጠቀስኩት በምክንያት ነው። አንድ ወዳጄ ያንኑ ሞዴል ይነዳል፤ ቁመቱ 1 ሜትር ከ70 ሲሆን የፋብሪካውን መስታወት ሳይነካ ለዓመታት ያለ አንዳች ቅሬታ ሲጓዝበት ኖሯል። እኔ 1 ሜትር ከ88 ነኝ። አንድ ቀን ሞተር ተለዋውጠን ስንሄድ የእርሱም ሞተር ራሴን ይንጠኝ ጀመር፣ የእኔ ሞተር ደግሞ ለእርሱ ጸጥ አለለት። ከዚያ በኋላ ሞተሩን ወቀሳ ተውኩ።

ነገሩን ለመረዳት አየሩ መስታወቱን ካለፈ በኋላ የሚሆነውን ማየት ያስፈልጋል። መስታወቱ ከፊት የሚመጣውን አየር ወደ ላይና ወደ ጎን ሲገፋው ከበስተጀርባው፣ ማለትም በነጂው ደረትና ፊት አካባቢ፣ የአየሩ ግፊት ዝቅ ይላል። በመስታወቱ ጠርዝ ላይ የሚያልፈው አየር ወደዚያ ክፍተት ለመግባት ይጠመዘዛል፣ እየተሽከረከረም ይወርዳል። ራስን የሚንጠው ይህ አዙሪት ነው። ስለዚህ በጉዞ ላይ ሦስት ዓይነት አየር አለ ማለት እንችላለን፦ ከመስታወቱ በላይ ያለው፣ ብርቱ ቢሆንም ቀጥ ብሎ የሚፈስሰው አየር፤ ከመስታወቱ ኋላ ያለው የረጋ አየር፤ በሁለቱ መካከል ያለው የታወከ አየር። ሄልሜቱ በመጀመሪያው ውስጥ ቢሆን ነፋሱ በእኩል ይገፋዋል እንጂ አያላጋውም፤ በሁለተኛው ውስጥ ቢሆን ጸጥታ ያገኛል፤ በሦስተኛው ውስጥ ሲገኝ ግን መስታወቱ ከመኖሩ አለመኖሩ ይሻላል። የእኔ ሄልሜት በትክክል እዚያ መካከል ነበር።

ፍጥነትም ጉዳዩን በእጅጉ ይለውጠዋል። የነፋስ ግፊት የሚያድገው በፍጥነቱ ልክ ሳይሆን በፍጥነቱ ካሬ ነው። በሸናንዶዋ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ባለው፣ 105 ማይል ርዝመት ባለው ስካይላይን ድራይቭ ላይ የፍጥነት ገደቡ በሰዓት 35 ማይል ስለሆነ ማንኛውም መስታወት ጥሩ መስሎ ይታያል፤ ወደ አውራ ጎዳና ወጥቶ ፍጥነቱ 70 ሲደርስ ግን ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናል። በሰፈር ውስጥ ዞር ዞር ብሎ «ይህ መስታወት ድንቅ ነው» የሚል ሰው ገና አልሞከረውም። በተለይ በ81 ቁጥር አውራ ጎዳና ላይ፣ ከከባድ ተሳቢ መኪና ኋላ ወይም ጎን ሲሆኑ፣ አየሩ ወደ ሞተሩ የሚደርሰው አስቀድሞ ታውኮ ነው፤ ይህን ጨርሶ የሚያስቀር መስታወት አላገኘሁም፣ ይኖራል ብዬም አልጠብቅም።

መጀመሪያ ያደረግኩት ብዙ ሰው የሚያደርገውን ነው፦ በጣም ረጅሙን ገዛሁ። ከኢንተርኔት ያዘዝኩት፣ ስሙን የማልጠቅሰው መስታወት ዋጋው ወደ 60 ዶላር ሲሆን ከፋብሪካው በ18 ሴንቲ ሜትር ይበልጥ ነበር። ስገጥመው ደስ ብሎኝ ነበር፤ ከፊቴ ግድግዳ የተተከለ ያህል ነው። በሰዓት 60 ማይል ስደርስ ጫፉ መርገብገብ ጀመረ፣ በእርሱ ውስጥ የማየው መንገድም በሚፈላ ውኃ ላይ እንደሚታይ ምስል ተወላገደ። ከሁሉ የገረመኝ መናጡ አለመቆሙ ነው፤ ቦታውን ብቻ ቀየረ። ከመስታወቱ ኋላ የነበረው የግፊት ክፍተት ስለ ሰፋ አየሩ በሁለቱ ጎኖች ዞሮ ከጀርባዬ ይመጣና ወደ መሪው ይገፋኝ ጀመር። ረጃጅም መስታወት ያደረጉ ነጂዎች «አንድ ሰው ከኋላ ሆኖ የሚገፋኝ ይመስለኛል» ሲሉ የሚያወሩት ይህንኑ ነው። ሻጩ ዕቃውን መልሶ ተቀበለኝ፣ ነገር ግን ከዋጋው ላይ 20 በመቶ ቆረጠ፤ የማጓጓዣውንም ራሴ ከፈልኩ። ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት የመመለሻውን ደንብ እስከ ታች አንብቡ፤ በመስታወት ንግድ ውስጥ «ተገጥሞ የነበረ ዕቃ አንመልስም» የሚል ሻጭ ብዙ ነው።

ከዚህ በኋላ ነው መለካት የጀመርኩት። ሞተሩን በመካከለኛ ማቆሚያው አቁሜ፣ የጉዞ ጃኬቴንና ሄልሜቴን አድርጌ፣ በረጅም መንገድ ላይ እንደምቀመጠው ትንሽ ዘና ብዬ ተቀመጥኩና ባለቤቴን ሜትር ይዛ እንድትለካኝ ጠየቅኋት። «ምነው፣ ሱፍ ልታሰፋ ነው እንዴ?» አለችኝ። እውነትም ሥራው የልብስ ሰፊ ሥራ ነው። ሦስት ልኮች ይበቃሉ፦ ከመሬት እስከ ዓይን፣ ከመሬት እስከ አፍንጫ ጫፍ፣ ከመሬት እስከ መስታወቱ ጫፍ። ብዙ ልምድ ያላቸው ነጂዎች የሚመክሩት የመስታወቱ ጫፍ ከአፍንጫ ከፍታ እንዳያልፍ ነው። ይህም የሆነው መንገዱን በመስታወቱ ውስጥ አሻግሮ ሳይሆን በላዩ ለማየት እንዲቻል ነው፤ መስታወቱ የዝናብ መጥረጊያ ስለሌለው ሌሊት በዝናብ ውስጥ ከፊት የሚመጣ መኪና መብራት በጠብታዎቹ ላይ ሲበተን የሚያሳየው ምንም ነገር የለም። በዚህ ምክንያት የጠቆረ መስታወት ለረጅም ጉዞ አልመክርም፣ በላዩ አሻግረው ለሚያዩበት አጭር መስታወት ካልሆነ በቀር። እኔ ስለካ የፋብሪካው መስታወት ጫፍ ከአፍንጫዬ ጫፍ በ9 ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ተገኘ። የመለስኩት ደግሞ ከዓይኔ በላይ ነበር።

ሌላው መለኪያ በመንገድ ላይ የሚደረግ ነው። ጭር ባለ ቀጥ ያለ መንገድ ላይ፣ ዘወትር በምትጓዙበት ፍጥነት፣ መጀመሪያ ከመቀመጫው ትንሽ ብድግ በሉ፣ ቀጥሎም ጎንበስ በሉ። ብድግ ስትሉ ጩኸቱ ለስልሶ ቀጥ ያለ ነፋስ ከተሰማችሁ፣ ለእናንተ አጭር መስታወትም መፍትሔ ሊሆን ይችላል። ጎንበስ ስትሉ ጸጥታ የሚገኝ ከሆነ ጎንበስ ያላችሁባትን ያህል ሴንቲ ሜትር መስታወቱ መጨመር አለበት። እኔ ጸጥታውን ያገኘሁት ከስድስት እስከ ሰባት ሴንቲ ሜትር ጎንበስ ስል ነበር። ይህች ቁጥር ካነበብኳቸው የማስታወቂያ ጽሑፎች ሁሉ በላይ ጠቅማኛለች።

በዚህ መካከል፣ ብዙ ገንዘብ የማያስወጣ አንድ ሙከራ አደረግሁ። የፋብሪካውን መስታወት የሚይዙትን የታችኞቹን ብሎኖች በረዘሙ ቀይሬ፣ በመስታወቱና በማቀፊያው መካከል ጥቂት ሮንዴላዎች (ብሎን የሚያልፍባቸው ቀጫጭን ቀለበቶች) በማስገባት መስታወቱን ከሞተሩ ፊት ትንሽ አራቅሁት። ዓላማው በመስታወቱ ሥር አየር እንዲገባ ነው፤ ከሥር የሚገባው አየር ከኋላ ያለውን የግፊት ክፍተት ስለሚሞላው ከላይ የሚወርደው አዙሪት ይቀንሳል። ወጪው አምስት ዶላር የማይሞላ ሲሆን መናጡ በግልጽ ቀነሰ፣ ግን አልጠፋም። የፍሎሪዳው ኩባንያ ማድስታድ የሚታወቅበት ማቀፊያ የተመሠረተው በዚሁ ሐሳብ ላይ ነው፦ መስታወቱ ከሞተሩ አካል ተለይቶ ይቆማል፣ ከፍታውም አጋደሉም ይስተካከላል። መልኩን ሁሉም ሰው አይወደውም፣ እኔም አልወደድኩትም፤ ነገር ግን አየሩን በሚገባ የተረዳ ሰው ሥራ እንደሆነ አልክድም። ብዙ ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት የሮንዴላውን ሙከራ እንድታደርጉ እለምናችኋለሁ፤ ለአንዳንዱ ሰው ጉዳዩ እዚያው ሊያበቃ ይችላል።

በመስታወቱ ጫፍ ላይ የሚቆነጠጥ ትንሽ ተጨማሪ ክንፍም አለ፤ ከእነዚህ መካከል የጀርመኑ ኤም አር ኤ የሚሠራው ኤክስክሪን በሰፊው ይታወቃል። ዋጋው ከሙሉ መስታወት የሚያንስ ሲሆን፣ ያለውን መስታወት ሳይነቅሉ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ለሚፈልግ ሰው ምክንያታዊ ምርጫ ነው።

ሁለተኛው የሞከርኩት መስታወት ከዚያው ከአጭሩ ወዳጄ ጎረቤት የተዋስኩት፣ የጣሊያኑ ኩባንያ ጂቪ የሚሠራው ኤርፍሎ ነው። ኤርፍሎ ሁለት ክፍል አለው፦ የታችኛው ሞተሩ ላይ ጸንቶ ይቆማል፣ የላይኛው በታችኛው ፊት ለፊት በ12 ሴንቲ ሜትር ገደማ ከፍና ዝቅ ይላል፤ በሁለቱ መካከል ያለው ክፍተትም አየር ያስገባል። በአንድ ዕቃ ብዙ ቁመት መሞከር ስለሚያስችል ልኩን ገና ላላወቀ ሰው ትምህርት ቤት ነው ማለት ይቻላል። በሁለት ቅዳሜዎች የላይኛውን ክፍል በየሁለት ሴንቲ ሜትሩ እያንቀሳቀስኩ ስጓዝበት፣ ጎንበስ ብዬ ያገኘኋት ልክ ትክክለኛ እንደነበረች አረጋገጥኩ። ያልገዛሁት በአንድ የግል ምክንያት ብቻ ነው፤ የሁለቱ ክፍሎች መደራረቢያ መስመር በዓይኔ መንገድ ላይ እንዲያርፍ ቁመቴ ያስገድደኛል፣ እኔ ደግሞ በእንዲህ ዓይነቱ ነገር ቶሎ የምበሳጭ ሰው ነኝ። ከእኔ አጠር ያለ ሰው ወይም አንድ ሞተር ከሌላ ሰው ጋር የሚጋራ ቤተሰብ ከዚህ የተሻለ ምርጫ ያገኛል ብዬ አላስብም።

በመጨረሻ የገዛሁት የአሜሪካው ናሽናል ሳይክል የሚሠራውን ቪስትሪም ነው። ይህ ኩባንያ በኢሊኖይ የሚገኝ ሲሆን የተመሠረተው በ1937 እ.ኤ.አ. ነው። ለብዙ ሞዴሎች ቪስትሪምን ከአንድ በላይ ቁመት ስለሚያቀርብ ልኩን ለሚያውቅ ገዢ ይመቻል። ረጅሙን ለመያዝ የተዘረጋውን እጄን ሰብስቤ መካከለኛውን አዘዝኩ፤ ዋጋው ከ200 ዶላር በላይ ነበር። ልዩ የሚያደርገው ቅርጹ ነው። ተራው መስታወት ጫፉ ክብ ሆኖ ያልቃል፤ ቪስትሪም ግን በላይኛው ክፍሉ በስተ ግራና ቀኝ ወደ ውጭ ይገለበጣል፣ ከላይ ሲያዩትም ሸለቆ የመሰለ መስመር ይሠራል። ዓላማው የሚሽከረከረውን አየር ወደ ሄልሜቱ ከመድረሱ በፊት ወደ ጎን ማራቅ ነው። ማስታወቂያ ብቻ እንዳይሆን ሠግቼ ነበር፤ በመጀመሪያው ቅዳሜ በ66 ላይ እስከ ፍሮንት ሮያል ከተማ ስሄድ ግን በሰዓት 65 ማይል የሄልሜቴን መክፈቻ ከፍ አድርጌ የራሴን ጉሮሮ መጥረግ ሰማሁ። በፊት የሞተሩን ድምፅ እንኳ ለይቼ አልሰማም ነበር። ነፋሱ ከሄልሜቴ አናት በላይ ያልፋል፤ ትከሻዬ ጫፍ ላይ ቀጭን ቅዝቃዜ ይሰማኛል፤ ራሴ ግን ቆሟል።

የተሠራበትም ነገር ሊታይ ይገባል። በልማድ መስታወት እንለዋለን እንጂ መስታወት አይደለም። ገበያ ላይ ያሉት ሁለት ዓይነት ናቸው፦ አክሪሊክ እና ፖሊካርቦኔት። አክሪሊክ ጥርት ያለ፣ ገጹ ጠንከር ያለና ርካሽ ነው፤ ነገር ግን ድንጋይ ሲመታው ወይም ብሎኑ ሲጠብቅበት ይሰነጠቃል። ፖሊካርቦኔት ምት የመቋቋም ኃይሉ እጅግ ከፍተኛ ነው፤ በተፈጥሮው ግን በቀላሉ ይጫጫራል፣ ስለዚህ ገጹ በጠንካራ ሽፋን መለበጥ አለበት። ቪስትሪም ፖሊካርቦኔት ሲሆን ኩባንያው ኳንተም ብሎ በሚጠራው ሽፋን ተለብጧል፤ በስብራት ላይም የሦስት ዓመት ዋስትና አለው። በ81 ላይ ከአንድ የጭነት መኪና ጎማ የተፈናጠረች ጠጠር መሐሉን ስትመታው የተኩስ ያህል ድምፅ ሰማሁ፤ ነዳጅ ማደያ ቆሜ ስፈልግ ግን በጥፍሬ ካልዳሰስኩ የማትገኝ ነጥብ ብቻ ነበረች። ያቺ ጠጠር ያንን የ60 ዶላሩን አግኝታው ቢሆን ምን ይሆን እንደነበር ማሰብ አልፈልግም።

በአሜሪካ የሚሸጥ መስታወት የፌዴራሉን 205ኛ የተሽከርካሪ ደኅንነት ደረጃ ማሟላት አለበት፤ ይህንንም ጥግ ላይ ከታተመው ምልክት ማወቅ ይቻላል። የመለስኩት ርካሽ መስታወት ላይ ምንም ምልክት አልነበረም፣ ይህንንም ያስተዋልኩት ካሸግሁት በኋላ ነው። ጀርመን ያሉ አንባቢዎች ደግሞ ጉዳዩ ከዚህም ይጠብቅባቸዋል፤ በዚያ አገር ያልተፈቀደ መስታወት የሞተሩን የመንገድ ፈቃድ ሊያሳጣ ስለሚችል የፈቃድ ወረቀቱ ከዕቃው ጋር መምጣቱን ሳያረጋግጡ መግዛት አይገባም።

ስፋት ሌላ ሒሳብ አለው። ሰፊ መስታወት እጅንና ትከሻን ይጋርዳል፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ቅዝቃዜ ይህ ቀላል ጸጋ አይደለም። ነገር ግን የጎን ነፋስ ሲመጣ ሸራ ይሆናል። ይህን የሚፈትን ከቼሳፒክ ቤይ ድልድይ የተሻለ ቦታ በአካባቢያችን የለም፤ ድልድዩ ከአራት ማይል በላይ ርዝመት ሲኖረው ከውኃው በላይ እጅግ ከፍ ብሎ ስለሚያልፍ ነፋሱን የሚሰብር ዛፍም ኮረብታም የለም። በቪስትሪሙ ድልድዩን በተሻገርኩበት ቀን ነፋሱ መካከለኛ ነበር፤ ሞተሩ በረጅሙ መስታወት ጊዜ ያደርግ እንደነበረው መሥመሩን አልለቀቀም፣ ነገር ግን ከትንሹ የፋብሪካ መስታወት ይልቅ ክንዴን አሠርቶኛል። ይህ የማንኛውም ሰፋ ያለ መስታወት ዋጋ ነው፤ ሞተሩ ቀላል በሆነ መጠንም ይብሳል።

የነፋስ ነገር ሲነሣ አጎቴ ትዝ ይለኛል። ደብረ ብርሃን አካባቢ የግብርና ባለሙያ ሳለ በመሥሪያ ቤቱ ሞተር ገጠር ለገጠር ይዞር ነበር፤ መስታወት የሚባል ነገር አልነበረውም። ማለዳ ሲወጣ ያለፈውን ሳምንት ጋዜጣ አጥፎ በሹራቡና በጃኬቱ መካከል ደረቱ ላይ ያደርግ ነበር። ጋዜጣ ነፋስን ምን ያህል እንደሚከለክል የሚያውቀው የሞከረው ብቻ ነው። ራሱን ስለሚንጠው ነፋስ ሲያማርር ግን ሰምቼው አላውቅም፤ አሁን ሳስበው ምክንያቱ ግልጽ ነው፣ በዚያ የጠጠር መንገድ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚያልፍ አልነበረምና፣ ነፋሱም ቀጥ ብሎ የሚመጣ ንጹሕ ነፋስ ነበር።

የሞተር ሳይክል ፋብሪካዎችም ራሳቸው ነጂውን ለነፋስ የተዉበት ዘመን ሩቅ አይደለም። ሆንዳ ጎልድ ዊንግን በ1975 እ.ኤ.አ. ሲያወጣው፣ ዛሬ የረጅም ጉዞ ንጉሥ የሚባለው ሞተር ምንም ዓይነት የነፋስ መከላከያ አልነበረውም። ነጂዎቹ ይገጥሙበት የነበረው ክሬግ ቬተር የተባለው አሜሪካዊ ንድፍ አውጪ ከ1971 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያቀርበው የነበረውን ዊንድጃመር የተባለ የነፋስ መከላከያ ነበር። ሆንዳ የራሱን መከላከያ ገጥሞ ኢንተርስቴት የተባለውን የጎልድ ዊንግ ሞዴል ያወጣው በ1980 እ.ኤ.አ. ነው። ቢ ኤም ደብሊው ግን በ1976 እ.ኤ.አ. አር 100 አር ኤስ የተባለውን ሞተር ሲያወጣ መከላከያውን በጣሊያኑ የመኪና ንድፍ ኩባንያ በፒኒንፋሪና የነፋስ መፈተኛ ውስጥ ሞክሮ ነበር። ዛሬ ጎልድ ዊንግም ሆነ የቢ ኤም ደብሊው አር ቲ ሞዴሎች መስታወታቸው በአዝራር ከፍና ዝቅ ይላል። እንዲህ ያለ ሞተር ያላችሁ ሰዎች ሌላ መስታወት ከማዘዛችሁ በፊት በአንድ ጉዞ ላይ አዝራሩን ከዝቅተኛው እስከ ከፍተኛው ድረስ በዝግታ ብትሞክሩ ይሻላል፤ ከፍተኛው ላይ አድርገው ትተውት «ይጮኻል» የሚሉ ነጂዎች አጋጥመውኛል።

ቪስትሪምን ስገጥም ሃያ ደቂቃ አልወሰደብኝም፤ አራት ብሎን ፈትቶ አራት ማሰር ነው። ሦስት ነገሮችን ግን ማወቅ ያስፈልጋል። ብሎኖቹ ሁሉ በእጅ ከተያዙ በኋላ ነው ተራ በተራ በመስቀልኛ የሚጠብቁት። የሚጠብቁትም ጎማው ትንሽ እስኪጨመቅ ድረስ ብቻ ነው፤ ከዚያ በላይ ጉልበት ማሳየት ቀዳዳውን ይሰነጥቀዋል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ብሎን እንዳይፈታ ተብሎ የሚቀባው ሙጫ ፖሊካርቦኔት አጠገብ መድረስ የለበትም፤ ፕላስቲኩን በልቶ በሸረሪት ድር ዓይነት ስንጥቅ ይሸፍነዋል። የመጀመሪያውን 100 ማይል ከሄድኩ በኋላ ብሎኖቹን ደግሜ ፈትሼአለሁ፤ አንዱ ሩብ ዙር ያህል ላልቶ ነበር፣ ይህም በእኔ እጅ ጥንቃቄ ማነስ ነው።

ስለ ጽዳት ብዙ ስሕተት ይሠራል። በአሞኒያ የተሠራ የመስኮት ማጽጃ ፖሊካርቦኔትን ያደበዝዘዋል፤ ቤንዚንና የፍሬን ዘይትም ጠላቶቹ ናቸው። በነዳጅ ማደያ ባልዲ ውስጥ ያለው ስፖንጅ ደግሞ ከእኛ በፊት የስንቱን የጭነት መኪና አሸዋ እንደጠረገ አይታወቅም። በግንቦት 2021 እ.ኤ.አ. በየ17 ዓመቱ ከመሬት የሚወጡት፣ ሲካዳ የሚባሉ ነፍሳት አካባቢያችንን ሲያጥለቀልቁት ትክክለኛውን ዘዴ በግድ ተምሬአለሁ። እያንዳንዱ ሲካዳ የአውራ ጣት ያህል ነው፤ በሰዓት 60 ማይል መስታወት ላይ ሲፈነዳ የሚተወው ነገር ሲደርቅ ይጋገራል። መፍተጉ መስታወቱን ከማጫጫር በቀር ጥቅም የለውም። ለብ ባለ ውኃ የራሰ ፎጣ በመስታወቱ ላይ አልብሶ ለአሥራ አምስት ደቂቃ ያህል መተው፣ ከዚያም በንጹሕ የጥጥ ጨርቅ ከላይ ወደ ታች ማውረድ ይበቃል።

አንድ ነገር ደግሞ ማንም ሳይነግረኝ በራሴ ሞተር ላይ ለመማር ጥቂት ቀርቶኝ ነበር። ጎባጣ የሆነ ትልቅ መስታወት ፀሐይ ዝቅ ስትል ጨረሯን እንደ ማጉያ መነጽር ሰብስቦ በመቆጣጠሪያ ሰሌዳው ላይ ሊያሳርፍና ፕላስቲኩን ሊያቀልጥ ይችላል። በአንድ ጥቅምት ማለዳ ከቡና ቤት ስወጣ የፍጥነት መለኪያው ጠርዝ ላይ ሳንቲም የምታህል የምታንጸባርቅ ነጥብ አየሁ፤ ጣቴን ባስቀምጥባት አቃጠለችኝ። ከዚያ ወዲህ ስቆም መስታወቱን ከፀሐይ አዙራለሁ፣ ካልሆነም አሮጌ ነጠላ ጣል አደርግበታለሁ።

መስታወቱ ጩኸቱን ቀነሰ እንጂ አላጠፋውም። በአውራ ጎዳና ፍጥነት ሄልሜት ውስጥ ያለው የነፋስ ድምፅ 100 ዴሲቤል ሊደርስ ይችላል፤ የአሜሪካ የሥራ ደኅንነት ተመራማሪዎች ደግሞ ጆሮ እንዲህ ያለውን ድምፅ በቀን ከ15 ደቂቃ በላይ እንዳይሰማ ይመክራሉ። ስለዚህ የየግዛቱን ሕግ አይቶ የጆሮ መድፈኛ ማድረግ ከመስታወቱ ጋር የሚሄድ እንጂ በእርሱ የሚተካ አይደለም። ሄልሜቱም ራሱ ጥፋተኛ ሊሆን ይችላል፤ ባለ ግንባር ጥላ ሄልሜት አድርጎ መስታወትን የሚወቅስ ሰው መጀመሪያ ያን ጥላ ፈትቶ ይሞክር። የእኔን ፈትቼ ስሞክር ልዩነቱ ከሮንዴላዎቹ ጋር የሚወዳደር ነበር፤ ይህን ከመስታወት ግዢው በፊት ባደርገው ኖሮ ቢያንስ የመጀመሪያውን ባልገዛሁ።

ስለ ሙቀት አንድ ቃል ልጨምር። የዋሽንግተን አካባቢ ሐምሌ እርጥብና ከባድ ነው፤ በ35 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በጥሩ መስታወት ኋላ መቀመጥ እንፋሎት ቤት ውስጥ ጃኬት ለብሶ እንደ መቀመጥ ነው። በመስታወቱ ሥር የሚገባው ጥቂት አየር ደረትን ያቀዘቅዛል፣ ነገር ግን ከሰኔ አጋማሽ በኋላ አይበቃም። ስለዚህ የፋብሪካውን መስታወት አልሸጥኩትም። በጋራዡ ግድግዳ ላይ በጨርቅ ተጠቅልሎ ተሰቅሏል፤ ብሎኖቹና አምስት ዶላር ያልሞሉት ሮንዴላዎቹ በትንሽ ከረጢት አብረውት አሉ። ሐምሌ ሲገባ ቪስትሪሙን አወርድና እርሱን እገጥማለሁ፣ በአጫጭር መንገድ በዝግታ እነዳለሁ፤ የመስከረም መጀመሪያው ቀዝቃዛ ማለዳ ሲመጣ ደግሞ አራቱን ብሎን መልሼ እፈታለሁ።